የአንዳርጌ እግርና የማንያዘዋል ድንጋይ

አንዳርጌ በዚያ ዓመት ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ከበሽታው ይልቅ ግን የሚፈራው ከንፈር መጠጣን ነበር። ሐኪሞቹ አንጀቱ ላይ የበቀለውን እጢ ቆርጠው ጥለውለታል፤ "የተረፈ ሥር ካለ በእንክብል እናደርቀዋለን" ብለውታል፤ እሱም "እናንተ ታውቃላችሁ" ብሎ እንክብሉን ይውጣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በእሱና በሐኪሞቹ መካከል ነው።

እስራኤል አገር የሚኖርበት አፉላ ኢሊት ግን ምስጢር የሚያድርበት ሰፈር አይደለም። እዚያ አንድ ሰው "ያ ስሙ የማይጠራው ይዞታል" የተባለ እንደሆነ፣ የጎንደር ሰው ከላይም ከታችም ተጠራርቶ ይመጣል። ሶፋው ላይ ይደረደርና ከንፈሩን ምጥጥ ያደርጋል። ከዚያ በሽተኛው እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያየ፣ ሚስቱን "እሱስ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። "ይበላል?" "ይተኛል?" "አይ የሰው ነገር!" አንዳርጌ ራሱ ስንት ቤት እንዲህ ሄዶ ስንት ከንፈር መጥጧል። ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቀው ነው የፈራው፤ ሰውዬው ሳይሞት ለቅሶ እንደመቀመጥ ነው።

አንዳርጌ ደግሞ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን ማለቴ አይደለም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች ዓይንህን አልይ ሲባባሉ የሚጠራው እሱ ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠና ካለው የፕላስቲክ ፋብሪካ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ዋና ሥራው ይኸው ሆኗል። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሹል ጥቁር ጫማውን ወልውሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ ልጆቼ" ብሎ ሲጀምር ጠበኛው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ከንፈር የተመጠጠለትን ሰው ግን ማን ለዕርቅ ይጠራዋል? "እሱን ተዉት፣ ለራሱም አልሆነለት" ይባላል። ይህን ከሚሰማ ሞቱን ይመርጣል።

ስለዚህ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ለሰው ሁሉ "ትርፍ አንጀት ነው" አለ። ትርፍ አንጀት የተከበረ በሽታ ነው፤ ወጣቱንም ሽማግሌውንም ይይዛል፣ ይቆረጣል፣ ይረሳል። እውነቱን የሚያውቁት እሱ፣ ሚስቱ ሰንበቱና እግዚአብሔር ነበሩ። ሰንበቱን ትንፍሽ እንዳትል በኦሪት አስምሏታል፤ እግዚአብሔርን ግን አምኖታል።

ነገሩን ያበላሸው ቆዳው ነው። እንክብሉን ጥቂት ጊዜ እንደዋጠ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቀላ፤ ከዚያ አቃጠለው፤ ከዚያ ይላጥ ጀመር። አንጀቱን እንዲያክም የታዘዘ መድኃኒት በእግሩ ላይ ምን ቂም እንደያዘ ሊገባው አልቻለም። ሆስፒታል ሲሄድ ሞራን ለምትባለው ነርስ መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። ሞራን ነገር ስትነግር እጇም አብሮ የሚናገር ሴት ናት። ይህ አንዳርጌን ጠቅሞታል፤ ምክንያቱም የእሱ ዕብራይስጥ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው። "አንሳ"፣ "አውርድ"፣ "ማሽኑ ቆሟል" ለማለት እንጂ ስለ ቆዳ ለመወያየት የሚበቃ አይደለም።

"ከመድኃኒቱ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል" አለችው። "ግን ልትንከባከበው ይገባል።" ሽታ የሌለው ነጭ ቅባት በትልቅ ቱቦ ሰጠችው። ጠዋትና ማታ እግሩንም እጁንም ይቀባ፤ የሚታጠብበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን፤ ሲያደርቅ በፎጣ ጫን ጫን ያድርግ እንጂ አይሸው፤ ስስ የጥጥ ካልሲ ያጥልቅ፤ ጫማው ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ በእጁም ምንም ነገር ጠበቅ አድርጎ አይጨብጥ። ይህን ሁሉ በራሷ እጅና እግር እያሳየች ነገረችው። መጨረሻ ላይ ሹሉን ጥቁር ጫማውን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

አንዳርጌ ሳቁ መጣ። ይህ እግር እኮ ጎንደር ገጠር እሾህና ጭንጫ ላይ ያደገ፣ በረሃውን አቋርጦ ሱዳን የገባ እግር ነው። ተረከዙን እሾህ ሲወጋው የሚሰበረው እሾኩ ነበር። አሁን አንዲት ልጅ ተነስታ "የጥጥ ካልሲ አድርግለት" ስትል፣ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እግሩ አፈረ።

ቤቱ እንደገባ ቱቦውን ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውሮ፣ የሚያውቀውን አደረገ። የሚያውቀውም አባቶቹ ሲያደርጉት ያየውን ነው፤ ውሃ ማፍላት፣ አንድ እፍኝ ጨው መበተን፣ እግርን እስኪደነዝዝ መዘፍዘፍ፣ የሞተውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ መፈተግ። ከመንገድ ለመጣ እግር ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም። ሰንበቱ ገበያ በሄደችበት መታጠቢያ ቤቱን ቆልፎ ፈተገ፣ ፈተገ፣ ጥርሱን ነክሶ ፈተገ። በማግስቱ ከአልጋው ወርዶ ሊቆም ሲል ወለሉ የጋለ ብረት ምጣድ ሆነበት፤ ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፏል።

ሞራን ስታየው አልጮኸችም። ቢጮህበት ይሻለው ነበር። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ቃል በቃል፣ ቀስ እያለች ነገረችው። "አሁን እንክብሉን ለሳምንት አቆምኩት። እግርህ ይድናል፣ እንደገና እንጀምራለን። እንዲህ ሆነህ ደግመህ ከመጣህ ግን ሐኪሙ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል።" ከዚያ በጣቷ ወደ ሆዱ አመለከተች። "ቆዳህን ካልጠበቅህልን እኛ አንጀትህን መጠበቅ አንችልም።"

ይሄን የፋብሪካው ዕብራይስጥም ቢሆን አልሳተውም። ማሽኑ ይቆማል ማለት ነው።

"ጎንበስ እንዳትል፣ የሆድህ ቁስል ገና ነው" አለችው ሞራን። "ቤት ውስጥ እግርህን የሚቀባልህ ሰው አለ?"

"አለ" አለ አንዳርጌ። ውሸቱን ነው።

እንዴት ውሸቱን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአገራቸው ሳሉ ሲመሽ የባሏን እግር ማጠብ የሰንበቱ ሥራ ነበር፤ ወግ ነው፣ እሷም "አንቱ" እያለች ታጥብ ነበር። እስራኤል በገቡ ሰሞን፣ ገና በመርከዝ ቅሊጣ፣ በአዲስ መጤዎች ማረፊያ ሳሉ ግን፣ አንድ ምሽት ሳፋውን ፊቱ አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እዚህ አገር ወንዱም ሴቱም እኩል ሠርቶ ይገባል አሉ። እንግዲህ ባለ እግር እግሩን ይጠብ!" አለችው። በዚያው ቀን "አንቱ" ማለቷንም ተወች። አንዳርጌም "ድሮስ ማን ለመነሽ!" ብሎ መለሰላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ "እባክሽ እግሬን" ሊል ነው? ኩራት እራት ነው ይባላል። ለአንዳርጌ እራት ብቻ ሳይሆን ቁርስና ምሳም ነበር።

ሰንበቱ በሽታውን ታውቃለች፤ ሆዱን የሚስማማ ትቀቅልለታለች፣ እንክብሉን ታስታውሰዋለች። የእግሩን ነገር ግን ነግሯት አያውቅም። ካልሲውን እንዳጠለቀ ይተኛል፣ መታጠቢያ ቤቱን ይቆልፋል።

በተቆለፈው በር ውስጥ የሚሆነውን ቢያዩት ጠበኛ የነበሩ ባልና ሚስት ሁሉ በሳቅ ይታረቁ ነበር። መጀመሪያ እግሩን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሰቅሎ ሊቀባ ሞከረ፤ የሆዱ ስፌት ሳበውና ተወው። ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጭኑ ሊያመጣ ታገለ፤ እግሩ እምቢ አለ። ከዚያ የጫማ ማንኪያ አገኘ። ቅባቱን ማንኪያው ላይ አድርጎ፣ ከሩቅ ሆኖ፣ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው እግሩን መለሰን ጀመረ። ግማሹ ወለሉን ቀባው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጨረሻ ቅባቱን የገበያ ፌስታል ውስጥ ጨምቆ፣ እግሩን ፌስታሉ ውስጥ ከቶ ቆመበትና ወዲያ ወዲህ አሸ። ፌስታሉ አዳለጠው። አንዳርጌ የመታጠቢያውን መጋረጃ ከነዘንጉ ይዞ ወረደ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ሰንበቱ ከወጥ ቤት።

"ሳሙና ወደቀ።"

"ስንት ኪሎ ሳሙና ነው?"

አንዳርጌ መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልሎ መውጫውን ይፈልግ ነበር።

እግር በካልሲ ይሸፈናል። እጅ ግን የሰው ፊት ላይ ነው፤ ጣጣው የመጣውም በእጁ ነው።

ማንያዘዋል የሚባል ጓደኛ አለው። አንድ መንደር ተወለዱ፣ አንድ መንገድ ሄደው ሱዳን ገቡ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ተራ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ማንያዘዋል የሚኖረው እዚያው አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ሰፈር ነው። ይህ ሰው ሰላም ሲል እጅ ይጨብጣል አይባልም፤ ይጨምቃል። በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዛል፣ ይስማል፣ እንደገና ይዞ ይወዘውዛል። ፋብሪካ ሳሉ ኦሬን የሚባለው አለቃቸው ማንያዘዋልን ሰላም የሚለው ከማሽኑ ማዶ ሆኖ ነበር።

አንድ ሰንበት ጠዋት ቤት ክኔሴቱ፣ ጸሎት ቤቱ በር ላይ ማንያዘዋል ሁለት እጁን ዘርግቶ እየሳቀ መጣ። የአንዳርጌ መዳፍ በዚያን ዕለት ተሰነጣጥቆ ነበር። የተዘረጉትን እጆች አየ፣ የራሱን እጆች ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ "ሰንበት ሰላም" ብሎ በራሱ ነቅንቆ አለፈ።

በእኛ ወግ የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም። የማንያዘዋል እጅ ሰው ሁሉ እያየ አየር ላይ ቆመ፤ ባለቤቱም የሚያደርግበት ቢያጣ ጆሮውን አከከበት። በቀጣዩ ሰንበት አንዳርጌ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ወጣ። በሦስተኛው ማንያዘዋልን ገና ከሩቅ ሲያየው መንገድ ተሻገረ። በዚያ ላይ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ደረሰ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ማንያዘዋል እንደ ሁልጊዜው አጠገቡ ያለውን መቀመጫ በባርኔጣው ይዞ ጠበቀ። አንዳርጌ "ጉልበቴን" ብሎ ቀረ። ማንያዘዋል ግን ባርኔጣውን አላነሳም አሉ፤ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ መቀመጫው ላይ ሌላ ሰው አላስቀመጠም።

ሰፈሩ ደግሞ ሥራ አገኘ። "አንዳርጌ ማንያዘዋልን ቀየመው" ተባለ። በምን? አንዱ በአገር ቤት መሬት ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ ማንያዘዋል የአንዳርጌን በቅሎ አንካሳ ናት ብሎ የሰደባት ጊዜ ነው አለ። በቅሎዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ወሬው ሰንበቱ ጆሮ ደረሰ። "ምን አደረገህ ማንያዘዋል?" አለችው።

"ምንም።"

"ታዲያ ንገረዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

"ብነግረው ያለቅሳል። እሱ ካለቀሰ አፉላ ያውቃል።"

እንዲህ ይበል እንጂ እውነቱ ሌላ ነበር። የሌላው ሰው ከንፈር ያናድደዋል፤ የማንያዘዋል ከንፈር ግን ይገድለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እኩል ነበሩ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስቆበት ነው የሚያነሳው። ማንያዘዋል አንድ ቀን በሐዘን ዓይን ካየው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይስቅበታል? ይህን እያሰበ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰንበቱ የማታየው ሲመስለው የጫማ ማንኪያውን ያነሳል፣ ጓደኛውንም ይናፍቃል። እውነቱን ለመናገር ከእግሩ ይልቅ ያመመው ናፍቆቱ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አንዳርጌ እንደምንም ቅባቱን ለስኖ፣ ነጭ የጥጥ ካልሲውን አጥልቆ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሰንበቱ ስትከፍት በለጠና ይሄይስ ገቡ። በለጠ አንዳርጌን ተከትሎ ስንት ዕርቅ የዋለ፣ ንግግር የሚወድ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሽማግሌ ነው። ይሄይስ ዝም ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ነገሩን የሚያከብድ ነው። ገብተው ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አንዳርጌ።

"አንቀመጥም" አለ በለጠ።

አንዳርጌ ገባው። ደም ሥሩ ድረስ ገባው። ይህ የራሱ ዘዴ ነው፤ ለበለጠ ያስተማረው እሱ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት ተቀምጦ አያምርም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሳይወድ በግዱ እሺ ይላል።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"እሺ በለንና እንነግርሃለን።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"እሺ ካላልክ አንነግርህም።"

"ያስተማርኩህን ትመልስልኛለህ?"

በለጠ ጉልበቱን ያዘ። መጀመሪያ ለማስመሰል ነበር፤ ቆይቶ ግን ፊቱ በእውነት ተጨማደደ። ይሄይስ ራሱን ነቀነቀ። አንዳርጌ የሰውየው ጉልበት አሳዝኖት "እሺ፣ እሺ፣ ተቀመጡ!" አለ።

"ግባ!" ብሎ ጮኸ በለጠ ወደ በሩ።

ማንያዘዋል ገባ። የሰንበት ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ማጅራቱ ላይ አንድ ቀይ የእግረኛ መንገድ ጡብ በሁለት እጁ ደግፎ ተሸክሟል። እንደ አገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ሊወድቅ ነው የመጣው።

"ወንድሜ" አለ ጎንበስ እንዳለ፣ ወለሉን እያየ። "ምን እንደበደልኩህ አላውቅም። ቀንም ሌትም አሰብኩ። በበቅሎዋ ከሆነ፣ አንካሳ አልነበረችም፤ ቀንቼ ነው። ሞዓዶን፣ መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ ለጡረተኞች ኮሚቴ ስትወዳደር እጄን ያላወጣሁልህ በመሆኑ ከሆነ ደግሞ..."

"እጅህን አላወጣህልኝም?" አለ አንዳርጌ።

ማንያዘዋል ቀና ለማለት ሞከረ፤ ጡቡ ከለከለው። "አታውቅም ነበር?"

"ያልተጠየቅኸውን አትናገር!" አለ በለጠ። "ውደቅ!"

ማንያዘዋል ወደቀ። ጡቡ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጓ አለ። እሱም በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በእነዚያ በሁለት እጆቹ፣ የአንዳርጌን ሁለት እግሮች አቅፎ ጨመቃቸው።

አንዳርጌ የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ከታች ፎቅ ያለችው ሚሪያም በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን መታች። ይሄይስ እንኳን አንድ ቃል ተናገረ፤ "እንዴ!" አለ።

"ልቀቅ! ልቀቀኝ! እግሬን!"

ማንያዘዋል ለቀቀ። መዳፉን ገልብጦ አየው። ነጭ ቅባት ነው፤ ቅባቱ ውስጥ ቀይ ነገር አለ። ካልሲውን አየ፣ የአንዳርጌን ፊት አየ፣ መልሶ መዳፉን አየ። ሰንበቱ ማንንም ሳትጠይቅ መጥታ ተንበረከከችና ካልሲውን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው። ሁሉም አዩት። የተላጠ፣ የቀላ፣ ተረከዙ ላይ የተሰነጠቀ እግር።

"ትርፍ አንጀት አልነበረም" አለ አንዳርጌ። "ያ ነው። ያ ክፉው። ቆርጠውታል፤ አሁን እንክብል እውጣለሁ፤ እንክብሉ ነው እጄንም እግሬንም እንዲህ ያደረገው። እጄን ያልሰጠሁህ ለዚህ ነው።" ይህን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈር መጠጣውን ጠበቀ።

የይሄይስ ከንፈር ምጥጥ ሊል ተሰበሰበ።

"ከንፈርህን ያዝ!" ብሎ ጮኸ ማንያዘዋል። "ሰው ሞተ?" ከዚያ ወደ አንዳርጌ ዞረ። አላለቀሰም። አንዳርጌ በዕድሜው ማንያዘዋል እንደዚያ ሲቆጣ አይቶ አያውቅም። "ለዚህ ነው ጡብ ያሸከምከኝ? ታሐና፣ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን ከፍቶ 'ይሄ ምንድን ነው?' ሲለኝ 'ለጓደኛዬ ነው' አልኩት! 'ልትመታው ነው?' አለኝ! 'የለም፣ ልታረቀው ነው' ብለው አለቃውን ጠራ! አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ! አውቶቡሱ አመለጠኝ! ምነው በመታሁህ ኖሮ!"

በለጠ ሳቁን ሊይዝ ቢሞክር አነቀው። አንዳርጌም ዓይኑን ገለጠ። ማንያዘዋል ፊት ላይ የፈራውን ነገር ፈለገ፤ ያገኘው ንዴት ብቻ ነው፣ ያውም የጓደኛ ንዴት።

ሰንበቱ እግሩን እንደያዘች ነበር። "አንቱ" አለችው፤ ይህን ቃል ከተወች ስንት ዘመኗ። "እግርዎ እንዲህ ሆኖ፣ እኔ እዚህ ወጥ ቤት ሆኜ፣ ሳሙና ወደቀ ይሉኛል? ባለ እግር ይጠብ ያልኩት እኮ ለጤነኛ እግር ነው!" ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። የውሃው ድምፅ ተሰማ።

"ለብ ያለ ይሁን!" አለ አንዳርጌ ሳያስበው። "የሚያቃጥል ቆዳውን ይልጠዋል!"

በለጠ አሁን ተቀምጧል፤ ጉልበቱን እያሸ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ልጆቼ" አለ፣ ልክ እንደ አንዳርጌ አድርጎ። "ዕርቅ ይዘን መጥተን ነበር፤ አሁን ፍርድ ሆኗል። በዳዩ ተገልብጧል። ሕመሙን ከወንድሙ የደበቀ፣ ወንድሙን የነፈገ ነው። አንዳርጌ ይክሳል።"

"ምን ልካስ?"

"እግርህን። ጠዋት ሰንበቱ ትቀባሃለች፣ ከሰዓት በኋላ ማንያዘዋል መጥቶ ይቀባሃል፤ እስክትድን። ወሬውን ደግሞ እኔና ይሄይስ ውጠነዋል። ይሄይስ እንደሆነ በዓመት አንዴ ነው የሚናገረው፣ የዘንድሮውን አሁን ተናገረ።"

"እምቢ ብልስ?"

በለጠ ወንበሩን ተደግፎ ሊነሳ ጀመረ። ጉልበቱ ቋ አለ።

"ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! እሺ!" አለ አንዳርጌ።

ሰንበቱ ሳፋውን አምጥታ አስቀመጠች። ማንያዘዋል የሰንበት ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። አንዳርጌ እነዚያን መዳፎች ሲያይ ሶፋውን ሊጨብጥ ፈለገና አትጨብጥ መባሉ ትዝ ሲለው ተወው። "አይታሽም" አለ። "ፎጣውን ጫን ጫን ነው። ቅባቱን ደግሞ..."

"ዝም በል" አለ ማንያዘዋል። "ተካሽ አይናገርም... የለም፣ ካሳ ከፋይ አይናገርም። አሳሳትከኝ!"

እግሩን ለብ ወዳለው ውሃ አወረደው፣ አወጣው፣ ፎጣው ላይ አሳረፈው። አንዳርጌ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ሕመሙን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ዓይኑን ወደ ታች ቢጥል ማንያዘዋል ጀምሮታል። የብሎን መፍቻ የሚመስሉት ጣቶቹ ቅባቱን ስንጥቁ ላይ በስሱ እያስነኩ፣ ከተረከዙ ወደ ጣቱ፣ ከጣቱ ወደ ተረከዙ ይሄዳሉ። ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቀባው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል። በለጠ ስለ ዝናብ መዘግየት ለይሄይስ ያወራ ጀመር፣ ይሄይስም ጣራ ጣራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

አንዳርጌ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ በተተኮሰው ሸሚዙ ላይ እንባው እየወረደ አለቀሰ። አላመመውም። ከሆስፒታሉ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ጀምሮ፣ ብቻውን ተሸክሞት የነበረውን አሁን የያዘለት ሰው ስላገኘ ነው።

ማንያዘዋል ቀና ብሎ አላየውም። የጥጥ ካልሲውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ከፍቶ፣ የተቀባውን እግር ቀስ አድርጎ አጠለቀለት።

"ሌላኛውን አምጣ" አለው።